የአባትህ መኪና ቡሎኖች

ቡራዩ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለዲሪርሳ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔና አዴ ድንቅቱ፣ ልጃችን ገመቺስም፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ዋቃ ባለህበት ይጠብቅህ፤ ከብረቱ ስለት፣ ከባሕሩም ነፋስ ይሰውርህ።

ይህን ወረቀት የያዘልኝ አለሙ ነው፤ የሰበታው፣ ከእናንተ ወደብ ለፋብሪካ ዕቃ የሚያመላልሰው ሾፌር። ስልክ እያለ ለምን ጻፍክ ትለኝ ይሆናል። ስልክ የሰው ጆሮ በዝቶበታል፤ የያዝኩት ጉዳይም በስልክ የሚያልቅ አይደለም። ገመቺስ «በቁቤ ጻፍለት» እያለ ይስቅብኛል። እኔ በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል ይኸው ነው፤ ካሁን በኋላ ሌላ አልቆጥርም።

ከገፈርሳ በላይ የነበረችው መሬታችን ተለክታ እንደተወሰደች ሰምተሃል። ገበሬ መሬት ሲያጣ እጁን የሚያሳርፍበት ያጣል። እኔም ጓሮ በሸራ ተሸፍና የቆመችውን የአባትህን ላንድሮቨር ገለጥኳት። ወንድሜ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ ካረፈ ወዲህ ማንም አልነካትም። አካሏ አሉሚኒየም ስለሆነ እንዳለች አለች። የተበላው የሚያያይዛት ነው፤ ቡሎኗ። አንዳንዱ ከሚያጠብቀው ዳዶ ጋር ተጣብቆ አንድ ብረት ሆኗል።

ገመቺስ ወደ አምቦ ትምህርቱ እስኪመለስ ክረምቱን ሙሉ አብሮኝ ሲፈታት ከረመ። ቡሎኖቹን በናፍጣ ዘፍዝፎ በሽቦ ብሩሽ ይፈትጋቸዋል፤ ሲጨርስ እንደ አዲስ ያበራሉ። ግን ጤዛ ካገኛቸው በማግስቱ ቀልተው ነው የምናገኛቸው። አዲስ እንዳልገዛ የሚጠመዘዝበት ጥርሱ የእንግሊዝ ነው፤ እዚህ ልኩ አይገኝም። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ቀለም ልቀባቸው ወይስ በዚንክ ላስነክራቸው? አዲስ አበባ የሚነክር ቤት አለ አሉ። አንተ ጨው በሚተፋ ባሕር ዳር ብረት ከዝገት ስታድን የምትውል ሰው ነህ።

ሐሳቤ የገፈርሳ ማዶ ሰዎችን ገበያ ላመላልስባት ነው። አባትህም ይህንኑ ይመኝ ነበር።

አጎትህ ኩምሳ

*

ጅቡቲ፣ ኅዳር 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለኦቦ ኩምሳ፤

አካም ጅርቱ? አዴ ድንቅቱስ ወገባቸው ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ሙቀቱ በረድ ብሏል፤ ሰው ሸሚዙን ለብሶ መዋል ጀምሯል። እድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ከወርክሾፑ ወጥቼ ትንሽ ቆምኩ። ከአባቴ የቀረኝ ነገር ትንሽ ነው። ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር የታችኛውን ከንፈሩን ይነክስ ነበር፤ እሱን አስታውሳለሁ። ያቺ መኪና እንደገና ስትሄድ ማየት እፈልጋለሁ።

ስለጠየቁኝ ነገር፦ እኛ እዚህ የኮንቴይነርና የተሳቢ ብረት ነው የምናድነው። ቀለም ቢቀቡ ዘይቱ ከላዩ ፈጽሞ ይውጣ፤ ጣት የነካው ቦታ እንኳ ቀለም አይዝም። በብሩሽ ከፈተጉ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ያሻሹት፤ ከዚያ ዚንክ ያለበትን ፀረ ዝገት ይቀቡ፣ ሲደርቅ ይድገሙት። ጥርሱን አይቀቡት፤ ዳዶው ሲገባ ይፍቀዋል። ጥርሱን ግራሶ ይበቃዋል። ሥራው አድካሚ ነው፣ ግን ይቆያል።

ማስነከሩም ጥሩ ነው፤ የበሩን፣ የወንበሩን፣ የመከላከያውን ትናንሽ ቡሎን ሁሉ ያስነክሩት። ጭንቅላታቸው ላይ ፊደል የተቀረጸባቸው፣ መሪውንና የፊት እግሯን የሚይዙት ጠንካሮቹ ግን ይቆዩኝ። ፎርማናችን እነሱን ማስነከር አይወድም፤ ምክንያቱን ጠይቄ እጽፍልዎታለሁ። መቼም የሚያስቸኩለን የለም።

ሁለት ቆርቆሮ ቀለም በአለሙ ልኬያለሁ። ገመቺስ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? በእጁ ሁለት መስመር ይጻፍልኝ፤ በቁቤም ቢሆን።

ልጅዎ ዲሪርሳ

*

ቡራዩ፣ ጥር 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለዲሪርሳ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ዓመት በዓሉን እንዴት ዋልክ? እኛ አለን።

ቀለሙ ደርሶኛል፤ ገለቶሚ። ጥሩ ቀለም ነው። ግን ለመፈተግና ለማድረቅ ቀን ይጠይቃል፤ ብቻዬን ነኝ። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጆንያ አድርጌ ለሚነክሩት ሰጥቻቸዋለሁ፤ ትልቁንም ትንሹንም። በሁለት ሳምንት እናስረክባለን ብለዋል። መኪናዋ ቶሎ መሄድ አለባት።

እዚህ ከተማውን ወደ መሬታችን የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነግሯል። የቀረው ወረቀቱ ነው፤ የሄደው አልተመለሰም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከወደብ የሚመላለሱ ሾፌሮች መንገድ ላይ ብዙ ያያሉ። ቆላው ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የታሰረ ሰው የሚቀመጥበት ካምፕ እንዳለ የሚያውቅ ካለ በዘዴ ጠይቅልኝ። ለአንድ ጎረቤታችን ነው።

አዴ ድንቅቱ ሰላም ብላሃለች።

አጎትህ ኩምሳ

*

ጅቡቲ፣ ጥር 27 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለኦቦ ኩምሳ፤

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ይሁን። ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ ይቅር ይበሉኝ። ሁለት ነገር አለኝ።

አንደኛው፣ ጠንካሮቹን ቡሎኖች እንዳይጠቀሙባቸው። አስነክረዋቸው ከሆነ ወደ መኪናዋ አይመልሷቸው። ፎርማናችን ነገሩን አስረዳኝ። ከመነከራቸው በፊት ዝገቱን ለማውጣት አሲድ ውስጥ ይከቷቸዋል። ከዚያ የሚወጣው አየር ጠንካራ ብረት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ከውጭ ምንም አይታይም። እንደተነከሩ ወዲያው ምድጃ ውስጥ ሰዓታት ካልቆዩ ብረቱ ተሰባሪ ይሆናል። ጠበቅ ሲደረግ ዝም ይላል፤ በማግስቱ ወይም በሳልስቱ፣ ማንም ሳይነካው፣ ጭንቅላቱ ይቆረጣል። ያ ቡሎን የመሪው ከሆነና እርስዎ ዳገት ላይ ከሆኑ፣ የሚሆነውን አልጽፈውም።

ሁለተኛው፦ አለሙን ወጥሬ ያዝኩትና ነገረኝ። ጎረቤት ያሉኝ ገመቺስ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ የት እንዳለ አይታወቅም። አጎቴ፣ ለምን እኔን ደበቁኝ?

ትናንትም ዛሬም ደወልኩ። አዴ ድንቅቱ አንሥተው «ሁላችንም ደህና ነን፣ ገመቺስ አምቦ ነው» አሉኝ። ድምፃቸው የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር። አጠገባቸው ማን እንዳለ ስለማላውቅ ስለ ቡሎኑም አልነገርኳቸውም፤ ለእርስዎ ስልኩን እንዲሰጡልኝ ብለምናቸው ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አይነሣም።

አለሙ ነገ ይነሣል። እባክዎ፣ ይህ ሳይደርስዎ አይንዱ።

ዲሪርሳ

*

ቡራዩ፣ መጋቢት 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዲሪርሳ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። የጥር ወር ደብዳቤህ ባለፈው ሳምንት ነው የደረሰኝ። አለሙ ወደ ሰበታ የሚያስገባው መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ድንጋይ ሲደረደርበት፣ መኪናውን ሞጆ አቁሞ ከርሞ ነበር። እሱን አትቀየመው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው መኪና አይነዳም።

አሁን ሁሉንም እነግርሃለሁ።

በታኅሣሥ አምቦ ላይ ትምህርት ተቋርጦ ገመቺስ ወደ ቤት መጣ። በማግስቱ ልጆቹ ለተቃውሞ ዋናው መንገድ ላይ ሲወጡ አብሯቸው ወጣ። አልከለከልኩትም። የተወሰደችው መሬት የእሱም ነበረች፤ ምን ብዬ ልከልክለው? ማታ አልተመለሰም። የጎረቤታችን የወይዘሮ ስንዱ ልጅ ፍቅረሥላሴም አብሮት ነበር፤ እሱም አልተመለሰም። የሷ ሰዎች ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ መሬትም አልነበራቸው፣ የሚወሰድባቸውም የለ። ልጁ ግን ከገመቺስ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ባለሱቁ ወታደሮች ሁለቱን አንድ መኪና ላይ ሲጭኗቸው አይቷል።

ከዚያ ወዲህ ከስንዱ ጋር ስንዞር ከረምን። ሱሉልታ ታይተዋል ሲሉን ሱሉልታ፤ ሰንዳፋ ናቸው ሲሉን ሰንዳፋ። በሄድንበት ሁሉ «እዚህ የሉም» ነው መልሱ። መቼ እንደተወሰዱ፣ በምን እንደተወሰዱ የሚናገር የለም። ላንተ ያልነገርኩህ አንተ ምን ልታደርግ ብዬ ነው። ደግሞ ጽፌ ካሰፈርኩት የሚጸና መሰለኝ።

በየካቲት አንድ የተፈታ ሰው ቤታችን መጣ። ሁለቱም በሕይወት አሉ አለን፤ ቆላው ውስጥ ያለ ካምፕ ናቸው፤ ሰኞ ቤተሰብ ሊያስገቡ ነው። ሚኒባሶቹ ደግሞ ለዚያው ሰኞ አድማ ጠርተዋል። ካምፑ ከአስፋልት ገባ ያለ ስለሆነ አውቶቡስም አያደርስም። መኪናዋ አለችልን አልኩ።

የተነከሩት ቡሎኖች መጥተው ነበር። ብታያቸው ዲሪርሳ፣ ሙሽራ ይመስሉ ነበር። ቅዳሜ ሁሉንም አጠበቅኳቸው፤ እሑድ ሞተሯን አስነሣሁና እስከ በሩ ነድቼ መለስኳት። ድንቅቱ እልል አለችና ወዲያው አፏን ያዘች።

ሰኞ ማለዳ ስንዱ ስንቋን ይዛ መጣች። ሸራውን ሳነሣ የፊት ጎማዋ ስር አንድ የቡሎን ጭንቅላት ወድቋል። የሌላ ይሆናል ብዬ ጎንበስ ብዬ ባይ የመሪው ክንድ ላይ ሁለቱ ተቆርጠዋል። ማንም አልነካትም፤ ቆማ ነው ያደረችው። ሦስተኛውን ጠበቅ ላደርገው ስሞክር እንደ ደረቅ ሸምበቆ እጄ ላይ ቀረ። የቀሩትን መንካት ፈራሁ።

ስንዱ መንገዱን አየች፤ እኔን አየች። «ኦቦ ኩምሳ፣ በቀስታ ብንነዳትስ?» አለችኝ።

አይሆንም አልኳት። ድንቅቱ ወገቧ ስለማይችል እቤት ቀረች፤ እኔና ስንዱ ስንቁን ተሸክመን በእግራችን አዲስ አበባ ገባን። ከተማውን አቋርጠን ቃሊቲ ጋ ሽንኩርት አራግፎ የሚመለስ አይሱዙ አገኘን። ከአስፋልቱ እስከ ካምፑ ያለውን ደግሞ በእግራችን ሄድን። ስንደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። በሩ ላይ የነበረው ልጅ የእኛው ቋንቋ ተናጋሪ ነው፤ በዕድሜ ከገመቺስ ብዙ አይበልጥም። ስማቸውን ነገርኩት።

«ጠዋት ነው ወደ ሌላ ቦታ የወሰዷቸው፣ አባ» አለኝ። «በማለዳ የመጡት ቤተሰቦች አይተዋቸዋል።»

ወዴት እንደተወሰዱ አላውቅም አለ፤ እውነቱን ይመስለኛል። የያዝነውን ስንቅ በመልስ ለጫነን የሽንኩርት አይሱዙ ሰዎች ሰጠናቸው። ስንዱ ዛሬም ታገኘኛለች፤ ሰላም ትለኛለች። በቀስታ ብነዳት ኖሮ ብላ የምታስብ ይመስለኛል። እኔም አስባለሁ።

ደብዳቤህን ከዚያ በኋላ አነበብኩት። ያልከው ሁሉ እንዳልከው ነው የሆነው። አንተ ራስህን አትውቀስ፤ ይቆዩኝ ብለኸኝ ነበር፣ ያልቆየሁት እኔ ነኝ። የምቸኩልበትን ብነግርህ ኖሮ በሌላ መንገድ ታደርሰኝ ነበር።

ከእንግዲህ የምጠይቅህ ነገር የለም። ጸልይልን።

ኩምሳ

*

ጅቡቲ፣ መጋቢት 25 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለኦቦ ኩምሳና ለአዴ ድንቅቱ፤

ፈጣሪ ያጽናችሁ። ሌላ የምለው ቢኖረኝ እል ነበር።

ልምጣ ብዬ ዕቃዬን ሰብስቤ ነበር። አለሙ ከለከለኝ፤ ከውጭ የሚመጣ ወጣት ኬላ ላይ ምን እንደሚጠብቀው ነገረኝ፤ አንድ ልጅ ለጎደለበት ቤት ሁለተኛ አትጨምርበት አለኝ። ተቀመጥኩ። እዚህ ሰዎች ሥራ ላይ ያናግሩኛል፣ እመልሳለሁ፤ ምን እንደመለስኩ አላውቅም።

ከአሮጌ ብረት ተራ የእንግሊዝ ላንድሮቨር አግኝቼ ከመሪዋና ከፊት እግሯ ጠንካሮቹን ቡሎኖች ፈትቻለሁ። አሲድ አልነካቸውም። በብሩሽ ብቻ ፈትጌያቸው፣ ጭንቅላታቸውን ዚንክ ቀለም ደጋግሜ ቀብቼ፣ ጥርሳቸውን ግራሶ አድርጌ በጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ። አለሙ ያደርሳቸዋል። እጄ የሚችለው ይህን ብቻ ነው።

ዲሪርሳ

*

ቡራዩ፣ መስከረም 27 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለዲሪርሳ፤

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ ገመቺስ ራሱ ነው። ከሰጠህ፣ እግዜር ይመስገን በል።

በሐምሌ ተፈታ። ፍቅረሥላሴም አብሮት። አንድ ማለዳ በሩን ሳያንኳኳ ገብቶ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ አገኘነው። ከስቷል፤ በግራ ጆሮው አይሰማም። የት እንደነበረ አልጠየቅነውም፤ አልነገረንም። ዩኒቨርሲቲው አልተቀበለውም። አንተ የላክሃቸውን ቡሎኖች አየና ሥራ ጀመረ። የነበረኝን ቀለም ጨርሶ ሻንሲውንም ሁሉ ቀባ። ነሐሴ ላይ መኪናዋ ሄደች። ጥቂት ጊዜ የገፈርሳ ማዶን ሰው ገበያ አመላለስን፤ እሱ ከጎኔ ይቀመጥ ነበር። እነዚያ ቀኖች ጥሩ ነበሩ።

ለኢሬቻ ቢሾፍቱ ወረደ። እዚያ ሰው ተረጋግጦ ማለቁን ሰምተሃል። ባዶ እግሩን ተመለሰ፤ የማን እንደሆነ የማላውቀው የሴት ነጠላ በእጁ ይዟል። ከዚያ ወዲህ በሰበታ ፋብሪካ ተቃጠለ፣ መንገዱ ሁሉ ጭስ ሆነ። ገመቺስ ያን ቀን ከአጠገቤ አልተለየም። ግን አሁን ቀድሞ ታስረው የነበሩትን እየዞሩ እየሰበሰቡ ነው። የስንዱን ልጅ ትናንት ወስደውታል።

እኔ ዛሬ በአባትህ መኪና ሞጆ ድረስ ወስጄ ለአለሙ አስረክበዋለሁ። ድንቅቱ አልተቃወመችም። ለመንገድ ካልሲውን ስታጥፍለት ብዙ ቆየች።

እንግዲህ ልጅህ ነው። ሲደርስ ደውልና «ቀለሙ ደረሰ» በለኝ፤ ሌላ አትናገር።

አጎትህ ኩምሳ

*

ጅቡቲ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለኦቦ ኩምሳ፤

ቀለሙ ደረሰ። በስልክ ልልዎት ነበር፤ በየቀኑ እደውላለሁ፣ ስልክዎ ዝግ ነው። የአዴ ድንቅቱም አይነሣም። አዋጅ መታወጁን ሰምተናል፤ መስመሩ ይሆናል እላለሁ።

ገመቺስ ከኬላው በፊት ወርዶ ከአፋሮች ጋር በእግሩ ዞረ፤ ማዶ አለሙ ጠበቀው። እግሩ ቆስሏል፤ እየዳነ ነው። እኔ ክፍል ነው የሚተኛው። ፎርማናችን ፈተነውና ወሰደው፤ ብሩሽ አያያዙን ወዶለታል። ብዙ አያወራም። ማታ ማታ ግን «አባዬ ደወለ?» ይለኛል። መስመሩ ተበላሽቷል እለዋለሁ።

አለሙ ፋብሪካው ስለተቃጠለ ጭነት የለውም፤ እዚሁ ቆሟል። ይህን ደብዳቤ የሚይዝልኝ ሌላ ሾፌር ስፈልግ ሰነበትኩ። ሁሉም ወረቀት መያዝ ይፈራሉ። አንዱ እሺ ብሎኛል።

እባክዎ በማንም ስልክ ይደውሉ።

ዲሪርሳ

*

ቡራዩ፣ ኅዳር 11 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዲሪርሳ፤

እስከ ዛሬ ይጽፍልህ የነበረው ኩምሳ ነው፤ የዛሬዋ ጸሐፊ እኔ ድንቅቱ ነኝ። ጽሕፈቴ ቢያስቸግርህ በትዕግሥት አንብበው። ልጄን ስለተቀበልክልኝ የተሸከመችህ ማኅፀን የተባረከች ትሁን፤ እናትህ በሰማይ ትስማ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የእግሩን ቁስል በጨው ውኃ እጠብለት።

ኩምሳ ከሞጆ ሲመለስ መግቢያው ላይ ወታደሮች አስቆሙት። ማንን አድርሰህ ነው የምትመለሰው አሉት። ሽንኩርት ሸጬ ነው ብሎ መለሰ አሉ። መኪናዋ ውስጥ የሽንኩርት ሽታ አልነበረም። እሱንም መኪናዋንም ወሰዱ፤ ስልኩንም። የእኔን ስልክ ደግሞ ቤት ፍተሻ የመጡት ወሰዱት። ይህን የነገረችኝ ስንዱ ናት፤ ከኋላ በሚኒባስ ስትመጣ አይታዋለች። ወርዳ «ባሌ ነው፣ ታሟል፣ ልቀቁት» አለቻቸው። አልሰሟትም እንጂ ሞክራልኝ ነበር።

አሁን እኔና ስንዱ አብረን ነው የምንመላለሰው። ኩምሳም ፍቅረሥላሴም አሉ ወደተባሉበት ግቢ ስንቅ ይዘን እንሄዳለን። መኪናዋን በአጥሩ ቀዳዳ አያታለሁ፤ ግቢው ውስጥ ቆማለች፣ የፖሊስ ልብስ እንዲደርቅ ተሰጥቶባታል። እሱን ግን አላየሁትም። አለ አይሉኝም፤ የለም አይሉኝም።

ለገመቺስ እንዳትነግረው፤ ይህን እለምንሃለሁ። ከነገርከው በእግሩም ቢሆን ይመለሳል፤ አውቀዋለሁ። ሲጠይቅህ አባትህ ሥራ በዝቶበታል፣ የገፈርሳ ሰዎችን ያመላልሳል በለው። እኔ ልዋሸው አልችልም፤ ስለዚህ በጎረቤት ስልክም ቢሆን እንዲደውልልኝ አታድርግ። ከባድ ነገር እንደጫንኩብህ አውቃለሁ፤ ሌላ የማሸክመው ሰው የለኝም።

ለእኔ ብለህ አትጨነቅ፤ ስንዱ አለችልኝ። ማልደን እንነሣለን። በሩ ላይ ያለው ወታደር የስንቁን ዕቃ ይቀበለኛል፣ ማንነቴን ይጠይቀኛል፣ ይዞት ይገባል። ከሰዓት በኋላ ዕቃውን ባዶውን ይመልስልኛል። ተጠርጎ የተበላ ነው፤ የእሱ አበላል እንደዚያ ነው። ግን ብዙ ሰው እንደዚያ ይበላል። ማን እንደበላው ብጠይቀው ከኋላዬ ወዳለው ሰው ዞረ።

ወስጄ አጥበዋለሁ። ነገም ሞልቼ እሄዳለሁ።

አክስትህ ድንቅቱ